የ1997ቱ የሩጫ ክረምት ከናይሮቢ እንደተከታተልነው

እኛ በናይሮቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ታሪካችንን ስንተርክ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው የመኖሪያ ፈቃዱን ጣጣ፣ ዕድራችንን፣ የሃይማኖት ቦታዎቻችንንና ልጆቻችንን አማርኛ ለማስተማር ያደረግነውን ጥረት ነው። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባዋል። ነገር ግን በየዓመቱ ከግንቦት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሃይማኖትና ብሔር ሳይለይ ሁላችንንም ጆሯችንን አቁመን እንድንጠብቅ የሚያደርገን ሌላ ጉዳይ አለ። እርሱም የሩጫው ውጤት ነው። የማኅበራችን ኢዮቤልዩ በሚከበርበት በዚህ ወቅት ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ነገሩን ልዩ የሚያደርገው የምንኖርበት አገር ነው። ሌላ አገር የሚኖር ወገናችን ኃይሌ ሲያሸንፍ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ይደሰት ይሆናል። እዚህ ግን የእኛ ሰው ሲያሸንፍ የተሸነፈው የጎረቤታችን ሰው ነው። የጎረቤታችን ሰው ሲያሸንፍም በማግስቱ ሱቃችንን ከፍተን «ፖሌ» የሚለንን ደንበኛ እየሳቅን መቀበል ግድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እጠይቃለሁ።

ፉክክሩ እንዴት ተጀመረ?

ኢትዮጵያና ኬንያ በረጅም ርቀት ፊት ለፊት የተያዩት በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ነው። በ10,000 ሜትር ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ፣ ማሞ ወልዴ ሁለተኛ ወጡ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ያ ለኬንያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሲሆን፣ ማሞ ደግሞ በዚያው ሜክሲኮ ማራቶኑን አሸንፎ ተካሰ። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ የመጣው ትውልድ ፉክክሩን በአራት ዓመት አንዴ ከሚታይ ነገር አውጥቶ የየሳምንቱ ወሬ አደረገው።

እዚህ ላይ ስለ ውድድሩ ወራት ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። የመም ውድድር ማለት የዓለም ሻምፒዮናና ኦሊምፒክ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ሄንግሎ፣ ኦስሎ፣ ዙሪክ፣ ብራስልስና ሌሎችም ከተሞች ሯጮችን እየጋበዙ ያወዳድራሉ። የዓለም ክብረወሰን የሚሰበረው በአብዛኛው በእነዚህ ምሽቶች ነው። ምክንያቱም በግብዣ ውድድር ላይ አሯሯጮች ይገባሉ፤ እነርሱ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በታቀደው ፍጥነት ከመሩ በኋላ ይወጣሉ። በሻምፒዮና ግን አሯሯጭ የለም፤ ሁሉም ጉልበቱን ይቆጥብና በመጨረሻ ዙሩን ያከርሩታል። ስለዚህ ሜዳሊያው የሚነግረን ማን ማንን እንደቀደመ ነው። የሰው ልጅ ምን ያህል መሮጥ እንደቻለ የሚታየው ደግሞ በግብዣዎቹ ምሽቶች ነው።

የ1997 ክረምት

በእኔ ግምት ከእነዚህ ክረምቶች ሁሉ እንደ 1997 ያለ አልታየም። በአንዱ በኩል የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነበር። በሌላው በኩል አገር አቋራጭ ላይ የሚደርስበት ያልነበረው የባሪንጎው ፖል ቴርጋት፣ ከእርሱም ጋር ገና 21 ዓመት የሞላው ዳንኤል ኮመን ነበሩ።

ግንቦት 31 ቀን ኃይሌ በሄንግሎ የሁለት ማይል ክብረወሰንን 8:01.08 አደረሰው። ይህ ክብረወሰን ቀድሞ የኮመን ነበር። ሐምሌ 4 ቀን ደግሞ ኦስሎ ላይ የ10,000 ሜትሩን 26:31.32 በመሮጥ አሻሻለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐምሌ 19 ቀን ኮመን በቤልጅየሟ ሔክቴል ሁለቱን ማይል በ7:58.61 ሮጦ የራሱን አስመለሰ። በሁለት ማይል ከስምንት ደቂቃ በታች የገባ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

በነሐሴ መጀመሪያ ሁሉም ለዓለም ሻምፒዮና አቴንስ ገቡ። ነሐሴ 6 ቀን ኃይሌ 10,000 ሜትሩን በ27:24.58 ሲያሸንፍ ቴርጋት በ27:25.62 ሁለተኛ ሆነ። በመጨረሻው ቀን ኮመን የ5,000 ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። ሂሳቡ አንድ ለአንድ ሆነ ማለት ነው።

ከአቴንስ የተመለሱት ሯጮች ነሐሴ 13 ቀን ዙሪክ ተገናኙ። በዚያች አንዲት ምሽት ሦስት የዓለም ክብረወሰኖች ተሰበሩ። ለዴንማርክ የሚሮጠው የኬንያ ተወላጅ ዊልሰን ኪፕኬተር በ800 ሜትር 1:41.24፣ ኬንያዊው ዊልሰን ቦይት ኪፕኬተር በ3,000 ሜትር መሰናክል 7:59.08፣ ኃይሌ ደግሞ በ5,000 ሜትር 12:41.86 ሮጡ። ኃይሌ በዚያች ምሽት የቀደመው ኮመንን ነው፤ የኮመን ሰዓት 12:44.90 ነበር።

ዘጠኝ ቀን ብቻ ቆይቶ፣ አርብ ነሐሴ 22 ቀን፣ ብራስልስ ላይ ሁለቱም ክብረወሰኖች ከኃይሌ እጅ በአንድ ምሽት ወጡ። ኮመን 5,000 ሜትሩን በ12:39.74፣ ቴርጋት 10,000 ሜትሩን በ26:27.85 ጨረሱ። አንባቢ የቴርጋትን ሰዓት ለ25 ዙር ቢያካፍለው እያንዳንዱን 400 ሜትር በአማካይ በ63 ሴኮንድ ተኩል እንደሮጠው ያገኛል። የአቴንሱ ሰዓቱ ከዚህ በ57 ሴኮንድ ገደማ የዘገየ ነበር። ሰውየው በ16 ቀን ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የውድድሩ ዓይነት ነው።

ወሬው እንዴት ይደርሰን ነበር?

ዛሬ ልጆቻችን ሯጩ መስመሩን ሳያልፍ ውጤቱን በስልካቸው ያያሉ። ያኔ እንዲህ አልነበረም። ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅንና የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ስርጭት በአጭር ሞገድ እንከታተላለን። የአውሮፓው ውድድር የሚያልቀው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አካባቢ በመሆኑ ግን የዚያኑ ዕለት ውጤት የሚነግረን የቢቢሲ የእንግሊዝኛ ዜና ነበር። እርሱም አሸናፊውን ጠርቶ ያልፋል። ሙሉ ዝርዝሩን ለማግኘት «ዴይሊ ኔሽን» ወይም «ስታንዳርድ» ጋዜጣ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመውን ዝርዝር እያነበብኩ በሱቄ የዱቤ ደብተር ጀርባ እገለብጠው ነበር። አንደኛ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ተከታዮቹንም ከነሰዓታቸው እጽፍ ነበር።

ተከታዮቹን መጻፍ ያስለመደኝ በአጠገባችን ባለው ሕንፃ በዘበኝነት ያገለግሉ የነበሩ፣ ከኤልዶሬት አካባቢ የመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። «ምዜ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ጠዋት ሻይና ማንዳዚያቸውን ይዘው ሱቁ በር ላይ ሲቀመጡ «ኃይሌ አሸነፈ!» ብዬ ስነግራቸው የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ና ዋ ፒሊ?» ሁለተኛውስ ማለታቸው ነው። የዙሪክ ማግስት የኮመንን ሰዓት ሳነብላቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ። ሰዓቱን ኃይሌ በ1995 እዚያው ዙሪክ ካስመዘገበው 12:44.39 ጋር ያስተያየ ሰው ዝምታቸው ይገባዋል። የተሸነፈው ልጅ የሮጠው ከሁለት ዓመት በፊት ዓለምን ጉድ ካሰኘው ክብረወሰን በግማሽ ሴኮንድ ገደማ ብቻ የሚያንስ ሩጫ ነበር። ብራስልስ ላይ የሚሆነው ነገር በዙሪክ ዝርዝር ሁለተኛ መስመር ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ከብራስልስ በኋላ በመካከላችን ክርክር እንደነበረ የዚያን ጊዜ ሰዎች ያስታውሳሉ። «አሯሯጭ ይዘው ነው እንጂ!» የሚሉ ነበሩ። ኃይሌ ራሱ ክብረወሰኑን የሰበረው በአሯሯጭ መሆኑን የሚያስታውስ ሲነሳ ደግሞ ጨዋታው ወደ ጭቅጭቅ ያመራ ነበር። «የሽንፈት ቀን ምን ይጻፋል?» ብሎ ደብተሬን የዘጋብኝ ወዳጅም አልጠፋም። እኔ ግን ጻፍኩት። አንድ ሰው የሚኖርበትን አገር እንጀራ እየበላ የዚያን አገር ሰው ድካም ከደብተሩ መፋቅ አይገባውም ብዬ ስላመንኩ ነው። ደግሞም የሁለቱ ሕዝቦች መሬት አንድ ዓይነት ነው። አሰላም ኢቴንም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብለው በአንዱ ስምጥ ሸለቆ ዳርና ዳር የቆሙ ከተሞች ናቸው። ሰዓቱን እንኳ ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው።

መልሱና ከዚያ በኋላ

የኃይሌ መልስ ብዙ አልዘገየም። በ1998 ሰኔ 1 ቀን ሄንግሎ ላይ 26:22.75፣ ሰኔ 13 ቀን ሄልሲንኪ ላይ 12:39.36 ሮጦ ሁለቱንም አስመለሰ። የቴርጋትን ሰዓት በአምስት ሴኮንድ ሲያሻሽል የኮመንን ግን ያሻሻለው በ38 መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ነበር። የሔክቴሉ የኮመን ክብረወሰን ደግሞ ወደ 26 ዓመት ቆይቶ የተሰበረው በ2023 ነው። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ 27:18.20፣ ቴርጋት 27:18.29 ሲገቡ ከ25 ዙር በኋላ የቀረው ልዩነት ዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ ሆነ። ሁለቱ ወደ ጎዳና ሩጫ ከገቡም በኋላ ቴርጋት በ2003 በርሊን ላይ ያስመዘገበውን የማራቶን ክብረወሰን በ2007 እዚያው በርሊን የሰበረው ኃይሌ ነው።

የመሙን ክብረወሰኖች በ2004 ቀነኒሳ በቀለ ተረከባቸው፤ በ2020 ደግሞ ከሌላዋ ጎረቤት ከኡጋንዳ ጆሹዋ ቼፕቴጌ መጥቶ ሁለቱንም ወሰዳቸው። የ1997ቱ ዓይነት ክረምት ግን ተመልሶ የመጣው በሴቶቹ በኩል ነው። በ2021 ለኔዘርላንድ የምትሮጠው፣ ከአገሯ በስደት የወጣችው ሲፋን ሐሰን ሄንግሎ ላይ የ10,000 ሜትር ክብረወሰን ሰበረች። በሁለተኛው ቀን በዚያው ስታዲየም ለተሰንበት ግደይ 29:01.03 ሮጣ ወሰደችው። በ2023 ሰኔ 9 ቀን ፓሪስ ላይ ፌይዝ ኪፕዬጎን የለተሰንበትን የ5,000 ሜትር ክብረወሰን በ14:05.20 ስትሰብር ለተሰንበት ራሷ ሁለተኛ ነበረች። በዚያችው ምሽት የእኛው ለሜቻ ግርማ ኬንያውያን የእኛ ነው የሚሉትን የ3,000 ሜትር መሰናክል በ7:52.11 ክብረወሰን አድርጎ ወሰደ። ልክ በመቶኛው ቀን ጉዳፍ ጸጋይ ዩጂን ላይ 5,000 ሜትሩን በ14:00.21 መለሰችው፤ በዚያ ሩጫ ሁለተኛዋ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ነበረች። በ2024 ቼቤት 10,000 ሜትሩን በ28:54.14 ስትሰብር ሁለተኛዋ ጉዳፍ ሆነች። በ2025 ሐምሌ 5 ቀን ደግሞ ቼቤት የጉዳፍን የ5,000 ሜትር ክብረወሰን 13:58.06 አድርሳዋለች።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ ቁጥር የምናገኘው ትምህርት አንድ ይመስለኛል። አባቶቻችን «ብቻውን የሚሮጥን የሚቀድመው የለም» ይላሉ። ብቻውን የሚሮጥ ግን ክብረወሰንም አይሰብርም። ኃይሌን 12:39 ያስሮጠው ኮመን ነው፤ ቴርጋትን ብራስልስ ላይ 26:27 ያስሮጠው ኃይሌ ነው። ከሁለቱ አገሮች አንዷ ባትኖር ኖሮ የሌላዋ የክብር መዝገብ ዛሬ የምናውቀውን ያህል ባልሆነ ነበር።

እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ለማን እንደሚጮሁ ሲጠየቁ ግራ ሲገባቸው አይቻለሁ። ጠዋት በትምህርት ቤት የኬንያን መዝሙር ዘምረው ማታ ከእኛ ጋር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሰው ይቀመጣሉ። ይህን እንደ ክህደት የሚቆጥር ወላጅ አለ። እኔ ግን ከእኛ ይልቅ ውጤቱን በሙሉ የሚያነቡት እነርሱ ናቸው እላለሁ፤ አንደኛውም ሁለተኛውም መስመር የራሳቸው ነውና።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየቤታችን የተቀመጡ የዚያን ዘመን ጋዜጦች፣ የካሴት ቅጂዎችና የማስታወሻ ደብተሮች ሳይጠፉ ተሰብስበው በማኅበሩ ቢሮ አንድ መደርደሪያ ቢሰጣቸው ጥሩ ነው። እኔም የዱቤ ደብተሬን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ ዱቤው የተጻፈባቸውን ገጾች ግን ለደንበኞቼ ክብር ስል አስቀድሜ እቀዳቸዋለሁ። ለማኅበራችን መልካም ኢዮቤልዩ፣ ለሁለቱም አገር ሯጮች ጤናና ብርታት ይስጥልን።