በወሬ የተሣለው አውራሪስ

«ከመስማት ማየት ይበልጣል» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ነገሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሰው በወሬ የሰማውን ነገር በሥዕል ካየው በኋላ ሥዕሉን እንደ እማኝ ቈጥሮ፥ እውነተኛው ነገር በፊቱ ቢቆም እንኳ አጥርቶ ለማየት እንደሚቸገር የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ይኸውም የአውራሪስ ሥዕል ታሪክ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በአውሮፓ የተስፋፋ ቢሆንም አገራችንንም የሚነካ ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሜይ 20 ቀን 1515 ዓ.ም. ከሕንድ የመጣ አንድ የፖርቱጋል መርከብ ሊዝበን ሲደርስ አንድ ሕያው አውራሪስ ይዞ ነበር። እንስሳውን የሰጠው የጉጅራት ሱልጣን ዳግማዊ ሙዛፋር ሲሆን፥ በሕንድ የፖርቱጋል አገረ ገዥ የነበረው አፎንሶ ደ አልቡከርክ ተቀብሎ ለንጉሡ ለቀዳማዊ ማኑኤል ላከው። ከሮማውያን ዘመን ወዲህ በአውሮፓ ሕያው አውራሪስ ታይቶ ስለማይታወቅ ነገሩ ታላቅ መደነቅን አስነሣ። የጥንት ደራስያን አውራሪስና ዝሆን የማይታረቁ ጠላቶች ናቸው ብለው ጽፈው ነበርና ንጉሡ ይህን ለመፈተን ሁለቱን አጋጠማቸው፤ ዝሆኑ ግን ሳይዋጋ ሸሸ። በኋላም ንጉሡ አውራሪሱን ለሮማው ፓፓ ለዐሥረኛው ሊዮ ገጸ በረከት አድርጎ ቢልከው፥ በ1516 ዓ.ም. መጀመሪያ መርከቡ በኢጣልያ ባሕር ዳርቻ በማዕበል ሰጠመ፤ እንስሳውም አብሮ ጠፋ።

አውራሪሱ ሊዝበን በገባበት ዓመት ወሬው ኑረምበርግ ከተማ ደርሶ ነበር። በዚያ ይኖር የነበረው ስመ ጥሩ ሠዓሊ አልብሬክት ዲዩረር እንስሳውን በዐይኑ አላየውም። ከሊዝበን የተላከ ደብዳቤና ንድፍ ብቻ መነሻ አድርጎ፥ በእንጨት ተቀርጾ የሚታተም ሥዕል በ1515 ዓ.ም. አወጣ። ኑረምበርግ በጥሩር ሠሪዎቿ የታወቀች ከተማ ነበረች፤ ሠዓሊውም የአውራሪሱን እጥፍጥፍ ቈዳ እንደ ተያያዘ የብረት ጥሩር አደረገው። እግሮቹን እንደ ዓሣ ቅርፊት አለበሳቸው። በትከሻው ላይም በየትኛውም አውራሪስ የማይገኝ አንድ ትንሽ ጠምዛዛ ቀንድ ጨመረበት። ሥራው በጥበብ የተዋበ ስለ ነበር ይህ ሁሉ ስሕተት ከውበቱ በታች ተሰውሮ ቀረ።

በዚያው ዓመት የአውግስቡርግ ሠዓሊ ሃንስ ቡርክማየርም ያንኑ አውራሪስ ሣለ። የቡርክማየር ሥዕል ለእውነቱ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ሐሰተኛው ቀንድ የለበትም፥ የእንስሳው እግሮች የታሰሩበት ገመድም ይታያል። ነገር ግን ከዚህ ሥዕል ዛሬ የሚታወቀው በቪየና የሚገኘው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። የዲዩረር ሥዕል ግን ሠዓሊው ከሞተ በኋላ እንኳ ተደጋግሞ ታትሟል። የዙሪኩ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር ከ1551 ዓ.ም. ጀምሮ ባሳተመው ታላቅ የእንስሳት ታሪክ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ሄደ፤ በፒዛ ካቴድራል የነሐስ በር ላይ ሳይቀር ተቀረጸ። የኋለኛው ሊቅ የፊተኛውን ሊቅ አምኖ ስለሚቀዳ፥ የቅጂው ብዛት እንደ ማስረጃ ብዛት ተቈጠረ።

በ1741 ዓ.ም. ክላራ የተባለች አንዲት የሕንድ አውራሪስ ወደ ሆላንድ መጣች፤ በ1758 ዓ.ም. ለንደን ላይ እስክትሞትም ድረስ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች እየተዘዋወረች ታየች። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ባቲስት ኡድሪ በ1749 ዓ.ም. መልኳን ፊት ለፊት እያየ ሣላት። በዚህ የተነሣ የዲዩረር ሥዕል ሥልጣን እየደከመ ሄደ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። በጀርመን አገር ትምህርት ቤቶች በሃያኛው መቶ ዓመት እንኳ እንደ እውነተኛ የአውራሪስ መልክ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይገኝ ነበር።

አገራችን በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በስኮትላንዳዊው መንገደኛ በጄምስ ብሩስ በኩል ነው። ብሩስ በ1769 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ገብቶ በ1770 ዓ.ም. ጎንደር ደረሰ፤ የጉዞውንም ታሪክ በ1790 ዓ.ም. በአምስት ቅጽ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ የዲዩረርን ሥዕል በብርቱ ቃል ነቅፎ፥ በየአገሩ ለተሣሉት አስቀያሚ አውራሪሶች ሁሉ ምንጩ እርሱ ነው አለ። በራስ ፊል አጠገብ ከሚገኝ አገር የተወሰደ፥ ባለ ሁለት ቀንድ አውራሪስ ሥዕልም በኩራት አቀረበ። ነገር ግን ሥዕሉ ሲመረመር ሌላ ነገር ተገኘበት። የአፍሪካ አውራሪስ ሁለት ቀንድ ያለው፥ ቈዳው ግን እጥፋት የሌለው ነው፤ አንድ ቀንድና እጥፍጥፍ ቈዳ ያለው የሕንዱ ነው። በብሩስ መጽሐፍ የታተመው እንስሳ ግን ሁለት ቀንድም እጥፍጥፍ ቈዳም አለው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ኤርንስት ጎምብሪክ በ1960 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር አንሥቶ፥ ሰው በዐይኑ ያየውን እንኳ ቀድሞ በለመደው ሥዕል መልክ እንደሚሥል ምሳሌ አድርጎታል። እንግዲህ የአገራችን አውራሪስ የሕንድን ቈዳ ለብሶ ለዓለም ቀረበ ማለት ነው። በራስ ፊል በረሓ አውሬ እያደኑ ከሚኖሩት ሰዎች አንዱ ሥዕሉን ቢያይ ኖሮ ስሕተቱን ወዲያው ባመለከተ ነበር፤ ዳሩ ግን መጽሐፉ የታተመው ከእነርሱ ርቆ ነው።

ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ከዲዩረር አንድ ሺህ ዓመት ያህል አስቀድሞ ስለ ኢትዮጵያ አውራሪስ የጻፈ ሰው መኖሩ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት አዱሊስንና አክሱምን ያየው የእስክንድርያ ነጋዴ ኮስማስ በመጽሐፉ ውስጥ፥ በኢትዮጵያ ሕያው አውራሪስ ከሩቅ እንዳየ፥ በንጉሡ ቤተ መንግሥትም ገለባ የተሞላ የአውራሪስ ቈዳ ቆሞ ስላየ መልኩን በትክክል ለመሣል እንደቻለ ይናገራል። የአገሩ ሰዎች የሚጠሩበትንም ስም መዝግቧል፤ ይህም በግእዝ አርዌ ሐሪስ፥ በአማርኛ አውራሪስ የምንለው ነው። ይኸው ኮስማስ ግን አውራሪሱ ሲሄድ ቀንዶቹ ይወዛወዛሉ፥ ሲቈጣ ደግሞ ይጠነክራሉ ብሎ ጻፈ። መሬት ክብ አይደለችም፥ ጠፍጣፋ ናት እያለም በዚያው መጽሐፍ ተከራከረ። ስለዚህ የአንድ ሰው ምስክርነት ሁሉ በአንድነት ተቀባይነትን ወይም በአንድነት ውድቀትን አያገኝም፤ ቃሉ በየራሱ መመርመር አለበት።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት መጻሕፍትን መናቅ አይደለም። የዲዩረርም ክብር በዚህ አይቀነስም፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ ከታላላቅ የጥበብ ሥራዎች አንዱ ነው። ነገር ግን የሥዕል ማማር፥ የሠዓሊው ስም መግነን፥ የቅጂውም መብዛት ለእውነት ዋስ አይሆኑም። መምህር ለተማሪዎቹ ሥዕል ሲያሳይ «ይህን ያየው ማን ነው? የትስ አየው?» ብሎ የመጠየቅን ልማድ አብሮ ቢያስተምር ትልቅ ነገር ያወርሳቸዋል። በተለይም ስለ አገራችን አራዊት፥ ዕፀዋትና ሕዝብ በውጭ አገር የተጻፈውንና የተሣለውን ነገር በቦታው ካለው ጋር የማስተያየት ተግባር ከማንም በፊት የሚመለከተው እኛን ነው፤ ማስተያያው በእጃችን ይገኛልና።