ከሐውልቱ አጠገብ የቆመው ሰው

እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆን ሎይድ ስቲቨንስና እንግሊዛዊው ሠዓሊ ፍሬድሪክ ካዘርዉድ ወደ ዩካታን ሲጓዙ፣ ዳጌሮታይፕ የተባለውን፣ በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ምስል የሚቀርጸውን አዲስ መሣሪያ ይዘው ነበር። በሜሪዳ ከተማ የወይዛዝርቱን መልክ ሲያነሡበት ደኅና አገለገላቸው፤ ወደ ኡሽማል ፍርስራሽ ወስደው ከጥንታውያኑ የማያ ሕንጻዎች ፊት በተከሉት ጊዜ ግን የዚያ አገር ፀሐይ ወጣ ወጣ ያለውን ጌጥ እያነጣ የተቀረውን በጽልመት ስለሸፈነባቸው፣ ካዘርዉድ ወደ እርሳሱ ለመመለስ ተገደደ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት በካሜራው ጸኑ። ፈረንሳዊው ዴዚሬ ሻርኔ፣ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሞድስሊ፣ ከንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ጦር ጋር ሜክሲኮ ገብቶ በ1917 ዓ.ም. በሜሪዳ ያረፈው ቴኦበርት ማለር፣ ከባዱን የመስተዋት ሰሌዳ አስጭነው በጫካው ውስጥ እየዘለቁ ሐውልቱንና መቅደሱን አነሡ። ዛሬ በዝናምና በሥር የተበላው ጽሕፈት ከእነርሱ ሥዕል ላይ ይነበባልና፣ ድካማቸው ምስጋና የሚነፈገው አይደለም።

ነገር ግን እነዚያን ሥዕሎች አተኩሮ ለሚመለከት፣ ከደጃፉ ወይም ከሐውልቱ አጠገብ አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታየዋል። የቆመው የድንጋዩ ቁመት እንዲታወቅ ነው፤ ስሙ ግን አልተጻፈም። ሐውልቱን የጠረቡት ሰዎች ልጅ፣ ቋንቋቸው በአፉ ያልሞተ፣ መንገዱን የመነጠረና ሸክሙን የተሸከመ ሰው፣ በሥዕሉ ውስጥ እንደ መለኪያ ዘንግ ሆኖ ቀረ። የማያ ሕዝብ አልፏል የሚለው አሳብ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ አነሣስ ይመስለኛል።

ዓይናቸውን ከድንጋዩ ወደ ሕያዋኑ ከመለሱት መካከል ስዊሳዊቷ ገርትሩድ ዱቢ ብሎም በተለይ ትወሳለች። በ1943 ዓ.ም. ወደ ላካንዶን ጫካ ገብታ፣ ጠጉራቸውን ያሳደጉና ነጭ ቀሚስ የሚለብሱትን የዚያን አገር ሰዎች በቤታቸውና በማሳቸው አነሣች፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ዛፍ ቆራጩና ከብት አርቢው ጫካውን እያራቆተው ስለ ሄደ፣ የሰው ፊት ያነሣችበት ካሜራ የተቃጠለ ጉቶም ያነሣ ጀመር። እርሷም በማንሣት ብቻ አልተወሰነችም፤ በሳን ክሪስቶባል ከተማ ባለው በና ቦሎም ቤቷ ችግኝ እያፈላች ለሚተክል ሁሉ ታድል ነበር።

ይሁንና እርሷም እንግዳ ነበረች። ከዚያች ከተማ ብዙም በማይርቀው በሳን ሁዋን ቻሙላ፣ የጥድ ቅጠል በተጎዘጎዘበትና ሻማ በወለሉ ላይ በሚበራበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሰው በጸሎቱ ሰዓት የባዕድ ዓይን ቢከለክል ማን ይፈርድበታል?

የዚያው የቻሙላ ልጅ የሆነችው ማሩች ሳንቲስ ጎሜስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካሜራ በእጇ በገባ ጊዜ፣ ፒራሚድ ፍለጋ አልሄደችም። ሽማግሌዎቹን እየጠየቀች፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የቤት ውስጥ ሕግና ክልከላ ሰበሰበች፤ የሚነገርበትንም ዕቃ፣ መጥረጊያውን፣ ማበጠሪያውን፣ በጥቁርና ነጭ አነሣች፤ ከሥዕሉም ጋር የአባቶቹን ቃል ከማያ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በጾጺል አኖረች። መጥረጊያው የቤት መጥረጊያ ነው፤ ቁመቱን ለማስታወቅ ከአጠገቡ የቆመ ሰው የለም።