ሱዋ ሐይቅ (የበረዶ መዝገብ)

ሱዋ ሐይቅ በጃፓን ናጋኖ ግዛት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 759 ሜትር ላይ የሚገኝ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ሲሆን፣ የአካባቢው ብርድ በዘመናት ውስጥ መለወጡን ከሚመሰክሩ የዓለም ረጅም መዛግብት የአንዱ ባለቤት ነው። የሺንቶ ካህናት ከ1443 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁ በረዶ የሚሆንበትን ቀን ሲመዘግቡ ኖረዋል።

ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ሲጋገር በረዶው በሌሊት ቅዝቃዜ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን የሞላው ውኃም ይረጋል። ቀን ሙቀት ሲያገኝ በረዶው ይለጠጥና እየጮኸ ወደ ላይ ይገፋል፤ በሐይቁ ላይም የተሰባበረ የበረዶ ረድፍ ይቆማል። ይህ «ኦሚዋታሪ» ይባላል፤ በአገሬው እምነት ወንዱ አምላክ ሚስቱን ሊጎበኝ የተሻገረበት መንገድ ነው።

በመዝገቡ የመጀመሪያ 250 ዓመታት ሐይቁ ሳይጋገር ያለፈው 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከ1955 እስከ 2004 ባሉት 50 ዓመታት ግን 12 ጊዜ። አንድ ዓመት ብርዱ ቢጠነክርም የረጅሙ ዘመን አቅጣጫ ወደ ሙቀት መሆኑ ግልጽ ነው። የያትሱሩጊ መቅደስ ካህንና ምእመናን ዛሬም በጥር ማለዳ ወደ ሐይቁ ወርደው የውኃውን ሙቀትና የበረዶውን ውፍረት ይለካሉ። ትውልድ ለትውልድ ያቆየው ይህ ትጋት ለአየር ንብረት ጥናት መተኪያ የሌለው ቅርስ ነው።