ስድስቱ ሕፃናትና ስደተኞቹ አሳዳጊዎቻቸው

ወላጆቹን በሞት ላጣ ሕፃን ምግብ፣ ልብስና መጠለያ በቅድሚያ እንደሚያስፈልጉት ማንም አይክድም። እነዚህ ከተሟሉለት በኋላ ግን በሰው ላይ እምነት እንዲያድርበት ማድረግ የአሳዳጊንም የመምህርንም ጥበብ የሚፈትን ተግባር ነው። ናዚዎች በአይሁድ ላይ ከፈጸሙት እልቂት የተረፉ የስድስት ሕፃናት ታሪክ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1945 የእንግሊዝ መንግሥት ከማጎሪያ ካምፖች የተረፉ እስከ 1,000 የሚደርሱ ልጆች ወደ አገሩ እንዲገቡ ፈቀደ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር 300 ያህሉ ከፕራግ በአውሮፕላን ተጉዘው በዊንደርሚር ሰፈሩ። አብዛኞቹ ወጣቶች ቢሆኑም፣ ዕድሜያቸው ሦስት ዓመት ገደማ የሆነ ስድስት ሕፃናትም ነበሩባቸው። እነዚህ በጨቅላነታቸው ከወላጆቻቸው ተለይተው፣ በቴሬዚየንሽታት ካምፕ እናት ለሌላቸው ልጆች በተመደበ ክፍል አብረው የኖሩ ናቸው። በጥቅምት ወር በሳሴክስ፣ በዌስት ሆትሊ መንደር፣ ቡልዶግስ ባንክ የተባለ ቤት ተዘጋጀላቸው።

አሳዳጊዎቻቸውም ራሳቸው አይሁዳውያን ስደተኞች ነበሩ። ነርሷ ሶፊ ዳንና የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ጌርትሩድ ዳን እ.ኤ.አ. በ1939 ከአውግስቡርግ የተሰደዱ እኅትማማቾች ሲሆኑ፣ ሥራውን በበላይነት የመሩት አና ፍሮይድም በ1938 ከቪየና የሸሹ ናቸው።

ሕፃናቱ እንደ ደረሱ አሻንጉሊቶቹን ሰባበሩ፤ ሲቆጡም አዋቂዎቹን ይመቱና ይነክሱ ነበር። እርስ በርሳቸው ግን ፍጹም የተሳሰሩ ስለ ነበሩ፣ አንዱ ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢለይ የቀሩት ይታወኩ ነበር። በማዕድ ላይም ከራስ ጉርሻ ይልቅ ለጎረቤት ማቀበል ይበልጥባቸው ነበር።

አሳዳጊዎቹ ይህን ትስስር እንደ መሰናክል ቆጥረው ለመበጠስ አልሞከሩም፤ ይልቁንም ስድስቱን በአንድነት አኖሯቸው። ሕፃናቱም ቀስ በቀስ አዋቂዎቹን ወደ ማኅበራቸው ማስገባት ጀመሩ። የመጀመሪያው ምልክት፣ ለእኩዮቻቸው እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ አዋቂዎቹም ተራና ድርሻ እንዲደርሳቸው መጠየቃቸው ነበር። ለአንድ አዋቂ በግል የሚሰጥ ፍቅር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥም አዲስ ቋንቋ ለመዱ። አና ፍሮይድና ሶፊ ዳን ይህን ሁሉ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1951 ለኅትመት አበቁት።

በሱሪ፣ በሊንግፊልድ የተከፈተውን ሌላውን የሕፃናት ቤት የመሩት አሊስ ጎልድበርገርም ከበርሊን የተሰደዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940 እንግሊዞች እንደ ጠላት አገር ዜጋ ቆጥረው በማን ደሴት ቢያግዷቸውም፣ በእገዳው ሥፍራ ለታጋቾች ልጆች መዋዕለ ሕፃናት አቋቁመዋል።

ከስድስት ሕፃናት ሁኔታ ጠቅላላ ሕግ ማውጣት አይገባም። ሆኖም ወላጅ አልባ ልጆችን በዕድሜ፣ በጾታና በአልጋ ብዛት ብቻ የሚደለድል ዕቅድ፣ ለሕፃኑ የቀረለትን ብቸኛ ቤተሰብ ሳያውቅ ሊበትን ይችላል። ስለዚህ ከምደባ በፊት ልጁ ማን ምን እንደሚጎድለው ብቻ ሳይሆን፣ ከማን ጋር እንደ መጣና እጁን የያዘው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።