ዓይን አፋርነት የጥናት ርዕስ የሆነበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1971 ነሐሴ ላይ የስነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ዚምባርዶ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት የእስር ቤት ሙከራ ጀመረ። ለሁለት ሳምንት የታቀደው ሙከራ የእስረኛና የጠባቂ ሚና የተሰጣቸውን ወጣቶች ክፉኛ ስላመሳቀለ በስድስተኛው ቀን ተቋረጠ።

ብዙዎች የሚያውቁት ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። ተማሪዎችን የጠቀመው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው።

ዚምባርዶ ስለ ሙከራው ሲያስተምር የክፍሉ ውይይት ወደ ዓይን አፋርነት ዞረ። መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ፣ መምህሩ ዓይኑን ሲያሳርፍበት አንገቱን የሚደፋ ተማሪ እስረኛውም ጠባቂውም ራሱ ነው። በ1972 በተጀመረው የመጠይቅ ጥናት 40 በመቶ ያህሉ መላሾች ዓይን አፋር ነን አሉ፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በሆነ ዘመናቸው እንደዚያ እንደነበሩ ተናገሩ። ችግሩ የእኔ ብቻ ነው ብሎ ለሚሸማቀቅ ወጣት ቁጥሩ ራሱ እፎይታ ነው። በኋላ በተከፈተው የዓይን አፋርነት ክሊኒክ ሰዎች ለማያውቁት ሰው ሰላምታ መስጠትንና ወግ መጀመርን ደጋግመው ተለማመዱ።

ተማሪዎችን የሚመለከተው ሌላው ጥናት፣ የተስፋ ጥናት፣ በሌላ በር ገባ። በ1985 የስነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማይክል ሻየርና ቻርልስ ካርቨር በጎውን የመጠበቅ ዝንባሌን የሚለካ አጭር መጠይቅ አሳተሙ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ አራት ሳምንት ሲቀረው ከተጠየቁት ተማሪዎች መካከል ተስፈኞቹ በማብቂያው ሰሞን በድካምና በመሰል የሕመም ስሜቶች ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ተቸገሩ።

ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የዓይን አፋርነትና የተስፋ መለኪያዎችን ለአንድ ተማሪ አንድ ላይ መስጠት ጀመሩ።