ጆሮህን ንካ! (ስለ ልጆች ቁመት ትንሽ ታሪክ)

የዛሬው ታሪክ ንጉሥም ጦርነትም የለበትም። ስለ ልጆች ቁመት ነው የማወራችሁ። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናችሁ ይህን ታስታውሳላችሁ። አንደኛ ክፍል ሊመዘገብ የሄደ ልጅ ዕድሜው አይጠየቅም ነበር፤ ቢጠየቅስ ማን ያውቀዋል? "ቀኝ እጅህን በጭንቅላትህ ላይ አዙረህ የግራ ጆሮህን ንካ" ይባላል። ከነካ ገባ። ካልነካ "ለከርሞ ና" ተብሎ እያለቀሰ ይመለሳል። አንዳንዱ ጮሌ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሊደርስበት ይሞክር ነበር፣ መዝጋቢው ግን ነቅቷል፤ "አንገትህን አቅና!"

ቀልድ ይምሰል እንጂ መሠረት አለው። ሕፃን ሲወለድ ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ አዋቂ ላይ ግን ከስምንት አንድ ገደማ ብቻ ይሆናል። ከተወለድን በኋላ ጭንቅላታችን ጥቂት፣ እጅና እግራችን ደግሞ ብዙ ያድጋሉ ማለት ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ላይ ክንድ ጭንቅላትን ዞሮ ጆሮ ላይ ይደርሳል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው እኮ! ከዚያ በፊት ለአብዛኞቻችን የልደት ካርዳችን ክንዳችን ነበር።

አንድ ክፉ ጎን ግን ነበረው። በደንብ ያልበላ ልጅ ክንዱም ያጥራል። ስምንት ዓመት የሞላው የድሃ ልጅ ጆሮው ላይ ሳይደርስ ሲቀር የስድስት ዓመቱ የባለሱቅ ልጅ ይደርሳል። ረሃቡ ሳያንሰው አንድ ዓመት ትምህርትም ይቀጣል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ መለኪያ ነበር። ዩኒፎርም ሲሰፋ እናቶቻችን ልብስ ሰፊውን "ለቀቅ አድርገው፣ ያድጋል" ይሉታል። የሱሪው ጫፍ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይታጠፋል። መስከረም ሲጠባ ትንሽ ይለቀቃል፣ በዓመቱ ደግሞ ትንሽ። እጥፋቱ የነበረበት ቦታ ላይ ፀሐይ ያላየው ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል። ሁለት መስመር ያለው ሱሪ የለበሰ ልጅ ስንት ዓመት እንደለበሰውና በየዓመቱ ስንት ጣት እንዳደገ እግሩ ላይ ተጽፎ ይዞራል። ጀርባ ለጀርባ ገጥሞ መለካካትም ነበር፤ ግድግዳ ላይ በከሰል፣ የበር መቃን ላይ በሚስማር ማስመርም እንዲሁ። "ልጅ አይለካም፣ ዓይን ይገባበታል" የሚሉም አሉ። ተኝቶ ሳለ ሰው የተራመደው ልጅስ? "መልሰህ ተራመደኝ፣ እቀጭጫለሁ!" ብሎ ያላለቀሰ ከመካከላችን ስንት አለ?

አሁን ወደ ፈረንሳይ ልውሰዳችሁ፤ ይህንኑ የቤት ልማድ ወደ ሳይንስ ያሻገረው አባት የዚያ አገር ሰው ነውና። ፊሊቤር ጌኖ ደ ሞንቤያር ይባላል። በቡርጎኝ ግዛት ሰሙር በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖር፣ የታወቀው የተፈጥሮ ተመራማሪ የቡፎን ወዳጅና ስለ ወፎች አብሮት የጻፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1759 ወንድ ልጅ ተወለደለት። ቁመቱን ለካው። በየስድስት ወሩ ገደማ መለካቱን ቀጠለ፣ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪጠጋ ድረስ። አስቡት! እኛ የዓመቱን ዕቅድ እንኳ እስከ ጥር አናደርሰውም።

ሜትር የሚባለው መለኪያ ያኔ የለም፤ የመጣው ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ነው። እኛ ክንድና ስንዝር እንደምንለው እነሱም በእግርና በአውራ ጣት ነበር የሚለኩት። ወደ ዛሬው መለኪያ ሲመለስ ልጁ ሲወለድ 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ሲያቆሙ ከ180 በላይ የሆነ ሎጋ ጎረምሳ ወጥቶታል። ቡፎን እ.ኤ.አ. በ1777 ሠንጠረዡን በትልቁ "የተፈጥሮ ታሪክ" ሥራው ተጨማሪ ቅጽ ላይ አሳተመው። ልጁ ከክረምት ይልቅ በበጋ ፈጠን ብሎ እንደሚያድግም እዚያው ተጽፏል።

አንድን ልጅ ብቻ መለካት ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። ጥቅሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሺህ ልጆችን አንድ ቀን ለክታችሁ አማካይ ብታወጡ አማካዩ ቀስ እያለ የሚወጣ ለስላሳ ዳገት ይመስላል። የአንዱ ልጅ መስመር ግን እንደዚያ አይደለም፤ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከዚያ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ጉርምስና ላይ ድንገት ይፈነጠራል። እያንዳንዱ ልጅ የሚፈነጠርበት ጊዜ ስለሚለያይ በአማካይ ውስጥ ይጠፋል። እኔ ይህን በየዓመቱ ሰልፍ ላይ አየዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሴቶቹ ቀድመው መዘዋል፤ አጫጭሮቹ ወንዶች ፊት ይቆማሉ። ክረምቱ አልፎ አሥረኛ ክፍል ሲመጡ ፊት የነበረው ልጅ ከኋላ ቆሞ፣ ድምፁ ጎርንኖ "ቲቸር፣ አላወቁኝም እንዴ?" ይለኛል። (ራሳችሁን ያወቃችሁ አላችሁ፣ ስም አልጠራም።)

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ሁሉ ያማረ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1884 ወላጆች የልጃቸውን ዕድገት የሚመዘግቡበት አልበም አሳትሟል፤ ዓላማው ግን "ጥሩ ዘር" ከ"መጥፎ ዘር" መለየት ነበር። ከእሱ ይልቅ እኔ የምወደው የፈረንሳዩን ሐኪም ቪለርሜን ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 የወታደር ምልምሎችን ቁመት ከየአካባቢው ኑሮ ጋር አስተያይቶ፣ ድህነት ሰውን ያሳጥራል፣ ዕድገቱንም ያዘገያል አለ።

ቪለርሜን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሐይቅ ያለው የአያቴ ቤት ነው፣ ወሎ። ወንድ አያቴ አናጢ ስለነበሩ በየእንቁጣጣሹ ልጆቻቸውን በር ላይ አቁመው መቃኑን በሚስማር ይጭሩ ነበር። ከትልቁ አጎቴ መስመሮች አጠገብ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፏል። ከ1976 እስከ 1977 መስከረም ያለው ክፍተት አንድ ጣት አይሞላም። እስከ 1978 ያለውም ያው ነው። ከዚያ በ1979 እና በ1980 ክፍተቱ ዘሎ ይሰፋል። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ተርቦ ቆመ፣ እህል ሲገኝ ያመለጠውን አሳዶ ያዘ። ሳይንቲስቶች ይህን የማካካሻ ዕድገት እ.ኤ.አ. በ1963 ስም ሰጥተው ጻፉበት፤ የአያቴ መቃን ላይ በሚስማር ተጭሮ ይታያል።

ታናሹ አጎቴ ግን በ1976 ነው የተወለደው። የእሱ መስመሮች ከመጀመሪያው ዝቅ ብለው ጀመሩ፣ እስከ መጨረሻውም ከወንድሙ በታች ሆነው ቀሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሲያልፉ የጎደለውን መመለስ በጣም ከባድ ነውና። ሠርግና ለቅሶ ላይ ዘመድ ሁሉ "ይሄ ደግሞ በማን ወጣ?" እያለ ይቀልድበታል። አያቴ አንድ ቀን ሰልችቷቸው "በማንም አልወጣም፤ እሱን ያሳጠረው ሰባ ሰባት ነው" አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

እውነታቸውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ ወደ 8,500 ልጆች አስለክቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መለኪያ የሚለው ይህንኑ ነው። በደንብ የበላ፣ የጠባ፣ በሽታ ያላደቀቀው ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ በየትኛውም አገር ተቀራራቢ ሆኖ ያድጋል። "የእኛ ዘር አጭር ነው" የሚለውን ወሬ እዚህ ላይ እንተወው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 38 ወረደ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግን 38 ማለት የእኔ ክፍል ውስጥ በየወንበሩ አንድ ልጅ ማለት ነው። እነዚያ ጆሯቸውን መንካት አቅቷቸው የተመለሱት ልጆች እነማን እንደነበሩ አሁን ገባችሁ?

ጤና ኬላ የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሕፃኑን ሚዛን ላይ ስታንጠለጥለው ካርዱ ላይ የምታስቀምጣት አንዲት ነጥብ ብቻዋን ብዙ አትናገርም። ካለፈው ወር ነጥብ ጋር ስትያያዝ ነው የምትናገረው። መስመሩ ጋደም ካለ፣ ልጁ ፈገግ እያለም ቢሆን፣ አንድ ነገር ጎድሏል። ስለዚህ ካርዱን አትጣሉ፣ ቀጠሮውንም አትዝለሉ።

ከፍ ያሉትን ልጆች ቤት ለመለካት የምትፈልጉ ደግሞ ጫማ ይውለቅ፣ ተረከዝ ግድግዳውን ይንካ፣ ዓይን ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ይይ፤ ጭንቅላቱ ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አግድም አድርጋችሁ አስምሩ። ቀኑን ጻፉ። ጠዋት የለካችሁትን ሁልጊዜ ጠዋት ለኩ፤ ሰው ማታ ላይ ትንሽ ያጥራል። በየወሩም አትለኩ፣ ሳንቲ ሜትር ስታሳድዱ ልጁን ታስጨንቁታላችሁ። በየስድስት ወሩ ይበቃል፣ እንደ ሞንቤያር።

"ተከራይ ነን፣ ባለቤትየዋ ግድግዳ ላይ ሚስማር እንኳ አያስመቱም" የምትሉ አላችሁ። እኛም ተከራይ ነን። አንድ ረዥም ጣውላ ገዝተን የልጃችንን ቁመት እሱ ላይ እናሰምራለን። ሦስት ቤት ቀይረናል፤ ባለፈው ስንለቅ አይሱዙ ላይ መጀመሪያ የተጫነው እሱ ነው። ጫኙ ልጅ "ይሄን ምን ያደርግላችኋል?" ብሎ ሊያስቀረው ሲል ልጄ ሮጣ ሄዳ አቀፈችው።