የናሙና ማነስ፦ በመጀመሪያው ወር ውጤት ተጫዋችን መመዘን

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1994 በቺካጎው ሪግሊ ፊልድ የቤዝቦል ውድድር ዘመን ተከፈተ። የቺካጎ ካብሱ ተጫዋች ተፊ ሮድስ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው የኒው ዮርክ ሜትስ ወርዋሪ ከድዋይት ጉደን ጋር ተፋጠጠ። በመጀመሪያ ተራው ኳሷን ከአጥር አሻግሮ ሆም ራን መታ። በሁለተኛውም ደገመው፣ በሦስተኛውም ሠለሰው። ከዚያ ቀን በፊት በሜጀር ሊግ ባሳለፋቸው ዓመታት በድምሩ የመታው ሆም ራን 5 ብቻ ነበር። በዚያ ምሽት ቺካጎ ውስጥ አዲስ ኮከብ ተገኘ ያለ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የሮድስ ሆም ራን 8 ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሜጀር ሊግ አንድም አልጨመረም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ያ ቀን የዕድል ቀን ነበር ብለን እናልፈው ነበር። ሮድስ ግን ወደ ጃፓን ሄዶ በዚያ ሊግ 464 ሆም ራን መታ። እ.ኤ.አ. በ2001 ብቻ 55 መትቶ ሳዳሃሩ ኦ ለአሥርት ዓመታት ይዞት የቆየውን የአንድ የውድድር ዘመን ክብረ ወሰን ተጋራ። ስለዚህ የዚያ ቀን ሦስት ምቶች የሰውየውን ትልቅነት አላረጋገጡም፤ ተራ ተጫዋች ነው የሚለውን ፍርድም አልደገፉም። ሦስት ምት ስለ አንድ መቺ የሚናገረው ነገር በጣም ትንሽ ነው።

የቤዝቦል ተንታኞች እንዲህ ያለውን ሁኔታ የሚጠሩበት ቃል አላቸው፤ ስሞል ሳምፕል ሳይዝ ይሉታል። ሐሳቡን ከስታቲስቲክስ ትምህርት ነው የወሰዱት። በአማርኛ «የናሙና ማነስ» ብንለው ይስማማል። ናሙና ከላቦራቶሪም ከሕዝብ ቆጠራም የለመድነው ቃል ነው። «ማነስ» ደግሞ «የደም ማነስ» ስንል እንደምንጠቀምበት ሁሉ፣ ከሚያስፈልገው በታች መሆንን ያመለክታል። «ትንሽ ናሙና» ብንል መጠኑን ብቻ እንናገራለን፤ «የናሙና ማነስ» ስንል ግን ለፍርድ የማይበቃ መሆኑን ጭምር እንገልጻለን። ተፈላጊውም ይኸው ነው።

ጨዋታውን ለማይከታተል አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል። መቺው መትቶ ሳይያዝ ቤዝ ላይ ከደረሰ ሂት ተብሎ ይቆጠርለታል። የሂቶቹ ብዛት ለመምታት በቀረበባቸው ጊዜያት ሲካፈል የመምታት አማካዩ ይገኛል። ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ የሚሳካለት፣ ማለትም አማካዩ 0.300 የሆነ መቺ፣ ምርጥ ከሚባሉት ይመደባል። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ዘወትር የሚሰለፍ መቺ ደግሞ ወደ 600 ጊዜ ያህል ለመምታት ይቀርባል። ውድድሩ በማርች መጨረሻ ተጀምሮ ኤፕሪል ሲጋመስ በእጃችን ያለው 50 ያህሉ ብቻ ነው።

ታዲያ 50 ምን ይነግረናል? እውነተኛ ችሎታው 0.270 የሆነ፣ ማለትም ደኅና የሚባል መቺ እንውሰድ። ከ50 ሙከራ 13 ወይም 14 ሂት ይጠበቅበታል። ዕድል ሦስት ሂት ብትነሳው 10 ይቀሩለታል፤ አማካዩም 0.200 ይሆንና ጋዜጦች ከቡድኑ ይውጣ ይሉታል። ዕድል ሦስት ብትጨምርለት 17 ይሆኑለታል፤ አማካዩ 0.340 ሲደርስ ደግሞ የዓመቱ ኮከብ ይባላል። ሰውየው ግን ያው ነው፤ ክንዱም ዓይኑም አልተለወጠም። የሂሳብ ስሌቱ እንደሚያሳየው እንዲህ ያሉ መቺዎችን ብንሰበስብ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከእነዚህ ሁለት ጫፎች በአንዱ ላይ ወይም ከዚያ ወዲያ ይገኛል። ሊጉ 30 ቡድን አለው፤ በየቡድኑ ዘጠኝ ያህል ዘወትር የሚሰለፉ መቺዎች አሉ። በየዓመቱ በኤፕሪል የምንሰማው ጩኸት ከየት እንደሚመጣ ከዚህ መገመት አይከብድም።

ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ወግቶ በእፍኝ አይቶ ይዋዋላል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። እፍኙ የሚታመነው ጆንያው ውስጥ ያለው እህል ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ከሆነ ነው። የውድድር ዘመኑ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። በኤፕሪል ቅዝቃዜ ኳስ እንደ ሐምሌና ነሐሴ ርቃ አትሄድም። ገና በመጀመሪያው ወር አንዱ ቡድን ከጠንካሮች ጋር ሲጋጠም ሌላው ከደካሞች ጋር ይጫወታል። ዋና ወርዋሪ የሚወረውረው በአምስት ቀን አንዴ ያህል ስለሆነ በወሩ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ብቻ ነው የምናየው። ከእነዚህ አንዱ ክፉ ቀን ከሆነ የወሩን ቁጥር ሁሉ ያበላሸዋል።

ይህ ማለት ግን እስከ መስከረም ዝም ብለን እንቀመጥ ማለት አይደለም። ቶሎ የሚረጉ ቁጥሮች አሉ፤ ረጅም ጊዜ የሚፈልጉም አሉ። ራስል ካርልተን የተባለው ተመራማሪ ለዚህ ጥያቄ ብዙ ደክሟል። በእሱ ስሌት መቺው ሦስት ስትራይክ ሞልቶበት ሳይመታ የሚወጣበት (ስትራይክአውት) መጠን 60 ያህል ተራ ላይ መርጋት ይጀምራል፤ መጥፎ ኳሶችን ትቶ በነፃ ቤዝ የሚያገኝበት መጠን በ120፣ ሆም ራን በ170 ገደማ። ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው የመምታት አማካይ ግን 910 ሙከራ ይፈልጋል። ይህ ከአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን በላይ ነው! «መርጋት» ሲልም ቁጥሩ ከዚያ ወዲያ እውነት ብቻ ነው ማለቱ አይደለም፤ ከቁጥሩ ግማሽ ያህሉ ችሎታን፣ ግማሽ ያህሉ አጋጣሚን የሚያሳይበት ደረጃ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በኤፕሪል የአንድ ተጫዋች ስም ሲነሳ ዓይኔ ከአማካዩ በፊት ወደ ስትራይክአውቱ ይሄዳል። አምና ከአምስት ተራ አንዴ ይወጣ የነበረ መቺ ዘንድሮ ከሦስት አንዴ ከወጣ፣ ከ60 ተራ በኋላ ነገሩን በቁም ነገር እይዘዋለሁ።

ሂት በአጋጣሚ የሚበዛውና የሚያንሰው ኳሷ ከዱላው ከተለየች በኋላ ብዙ ነገር ከመቺው እጅ ስለሚወጣ ነው። በኃይል የተመታች ኳስ ቀጥታ ተከላካይ ጓንት ውስጥ ትገባለች፤ ለስሙ የተነካች ኳስ ደግሞ በሁለት ተከላካዮች መሀል ሾልካ ሂት ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ቮሮስ ማክራከን ያሳተመው ጥናት ብዙዎችን ያስደነገጠው በዚህ ነው፦ ሜዳ ውስጥ ያረፉ ኳሶች ሂት መሆን አለመሆናቸውን ወርዋሪዎች የሚቆጣጠሩት ከሚታሰበው እጅግ ባነሰ መጠን ነው አለ። በሊጉ ከእነዚህ ኳሶች 30 በመቶ ያህሉ ሂት ይሆናሉ። አንድ ወርዋሪ በሦስት ሳምንት ውስጥ 20 በመቶ ብቻ ካስመታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ተከላካዮች ወይም መልካም ዕድል ከጎኑ አሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በሜጀር ሊግ ሜዳዎች ሁሉ ስታትካስት የሚባለው መሣሪያ ኳሷ ከዱላው ስትለይ ያላትን ፍጥነት ይለካል። በሰዓት 95 ማይልና ከዚያ በላይ ከሆነ «በኃይል የተመታ» ይባላል። አማካዩ 0.190 ሆኖ ኳሶቹ በዚህ ፍጥነት የሚወጡለት መቺ ቢያጋጥማችሁ አትቸኩሉበት። በአንጻሩ የአንድ ወርዋሪ ኳስ ከአምናው ሁለት ማይል ቀንሶ ከታየ፣ በሁለት ጨዋታ እንኳ ቢሆን ትከሻው ወይም ክርኑ መመርመር አለበት፤ ፍጥነት ብዙ ናሙና አይጠብቅም።

የናሙናን ማነስ ማሟያው ሌላው መንገድ ያለፈውን መጨመር ነው። ቶም ታንጎ ያዘጋጀውና ማርሴል የሚባለው የትንበያ ዘዴ ቀላልነቱ ያስገርማል። ለአምና 5፣ ለካቻምና 4፣ ከዚያ በፊት ላለው ዓመት 3 ክብደት ይሰጣል፤ ውጤቱን ወደ ሊጉ አማካይ ትንሽ ይስበዋል፤ በመጨረሻም የተጫዋቹን ዕድሜ ያሰላል። ይህን ያህል ተራ ስሌት ከብዙ ውስብስብ ትንበያዎች ጋር ሲወዳደር ኖሯል። የሦስት ዓመት ሥራ ከሦስት ሳምንት ይበልጣል፤ ሚስጥሩ ሌላ አይደለም።

ለቡድን ሲሆን ነገሩ እንዴት እንደሚታይ በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያሉ አንባቢዎች በቅርብ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዋሽንግተን ናሽናልስ ሜይ 23 ላይ ሲደርስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ድምፅ በረታ። ቁጥሩ ውስጥ ገብቶ ላየ ሰው ግን ስዕሉ ሌላ ነበር። ትሬ ተርነር ገና በዓመቱ መጀመሪያ ጣቱ ተሰብሮ ለሳምንታት አልተጫወተም፤ አንተኒ ሬንዶንና ሁዋን ሶቶም በየተራ ተጎድተው ወጡ። በመክፈቻው ቀን ማክስ ሸርዘር 12 መቺዎችን በስትራይክአውት ቢያስወጣም ቡድኑ በሜትስ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ማርቲኔዝ አልተባረረም። ቡድኑ ከቀሩት 112 ጨዋታዎች 74ቱን አሸንፎ፣ በኦክቶበር መጨረሻ በሂውስተን ሜዳ በሰባተኛው ጨዋታ 6 ለ 2 ረትቶ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች አንድ ነገር ሲዘሉ ያናድደኛል። ያ መጥፎ ጅማሬ ሁሉም አጋጣሚ አልነበረም። የናሽናልስ ተተኪ ወርዋሪዎች እውነትም ደካሞች ነበሩ፤ ዋናው ወርዋሪ ያስረከባቸውን መሪነት ደጋግመው አስረክበዋል። ኃላፊው ማይክ ሪዞ ይህን የናሙና ማነስ ነው ብሎ አላለፈውም፤ ጁላይ 31 ላይ በአንድ ቀን ሦስት ተተኪ ወርዋሪዎችን አስመጣ። ከእነርሱ አንዱ ዳንኤል ሀድሰን ነው፤ የፍጻሜውን የመጨረሻ ኳስ የወረወረውም እሱ ነበር። አሠልጣኙን ታግሦ ተተኪዎቹን መለወጥ፣ የቱ በጊዜ እንደሚስተካከልና የቱ እንደማይስተካከል ለይቶ ማወቅ ነው።

ትዕግሥቱ ለሁሉም እኩል አለመታደሉ ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። አሥር ዓመት የተጫወተ ኮከብ በኤፕሪል 0.180 ቢመታ ሁሉም ይጠብቀዋል፤ ከታችኛው ሊግ ገና የመጣ ወጣት እንዲህ ከሆነ ግን ተመልሶ ይላካል። ስለ እሱ የምናውቀው ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ግን የሚፈጥነው በእሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1951 ኒው ዮርክ ጃያንትስ የ20 ዓመቱን ዊሊ ሜይስን ከሚኒያፖሊስ አስመጣ፤ እዚያ በ35 ጨዋታ አማካዩ 0.477 ነበር። ወደ ላይኛው ሊግ ሲገባ በ12 ሙከራ አንድም ሂት አጣ። ከዚያ ከታላቁ ወርዋሪ ከዋረን ስፓን ላይ ሆም ራን መታ፤ ተመልሶም ዝም አለ፤ ከ26 አንድ ሆነ። ሲያለቅስ ያገኘው አሠልጣኙ ሊዮ ዱሮቸር፣ እኔ እዚህ እስካለሁ ድረስ የመሀል ሜዳው ያንተ ነው እንዳለው ይነገራል። ሜይስ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ዱሮቸር ይህን ያደረገው በጭፍን እምነት አይመስለኝም። የልጁን ሩጫ፣ የክንዱን ኃይል፣ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያሳድድ ያየ ሰው ነው፤ ያየውም ከ26 ሙከራ በላይ ነበር።

በሌላ በኩል መታገሥ የሚያበቃበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የዲትሮይት ታይገርሱ ክሪስ ሸልተን በመጀመሪያዎቹ 13 ጨዋታዎች 9 ሆም ራን መታ። ቡድኑ አመነው፣ ዱላው ሲቀዘቅዝም ወራት ታገሠው። ጁላይ 31 ላይ ግን ሾን ኬሲን ከፒትስበርግ አምጥቶ ሸልተንን ወደ ታችኛው ሊግ ላከ። የዓመቱ ድምሩ 16 ሆም ራን ሆነ፤ ከዚያ ማራኪ ጅማሬ በኋላ 7 ብቻ ማለት ነው። ያ ውሳኔ አራት ወር የተጠበቀ ስለነበር ያለ አግባብ የተቸኮለ ነው ማለት አይቻልም። ታይገርስ በዚያ ዓመት እስከ ፍጻሜው ደርሶ በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 4 ለ 1 ሲሸነፍ፣ ኬሲ በአምስቱ ጨዋታዎች ከ17 ሙከራ 9 ሂት አግኝቶ አማካዩ 0.529 ደረሰ። የዕድሜ ልክ አማካዩ 0.302 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ከእሱ መጠበቅ የነበረበትም ወደዚህ የቀረበው ቁጥር ነበር።